ግራቪቶማግኔቲዝም የዲናሞ ማግኔት አይደለም፤ ቮላኖህንም እንዳታስነሳው

ጥያቄው የመጣው ከሐዋሳ ነው። ትንሽ አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«መምህር፣ ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ ዲናሞ የምጠቀልል ልጅ ነኝ። አንድ ቪዲዮ ላይ ምድር ስትሽከረከር ዙሪያዋ ያለውን ስፔስ ይዛ ትጎትታለች፣ ይሄ ግራቪቶማግኔቲዝም ይባላል፣ ከባድ ነገር በፍጥነት ካሽከረከርክ አንተም ታመነጨዋለህ ሲል ሰማሁ። እኔ ጋ የአሮጌ ወፍጮ ሞተር ቮላኖ (ከባዱ የሚሽከረከር መንኮራኩር) አለ፤ 100 ኪሎ ገደማ ነው፣ ስፋቱ አንድ ሜትር። በደቂቃ 3,000 ዙር ባሽከረክረው ከላዩ የሰቀልኩት ዕቃ ይቀላል ወይ? ግራቪቶማግኔቲዝምና ፍሬም ድራጊንግስ አንድ ናቸው ወይስ ሁለት? ዲናሞዬ ላይ ያለው ማግኔት ከዚህ ጋር ምን ያገናኘዋል?»

ከመጨረሻው ልነሳ። ዲናሞህ ላይ ያለውን ማግኔት ከዚህ ነገር ጋር የሚያገናኘው ስሙ ብቻ ነው፤ ስሙ ደግሞ ብዙ ሰው አሳስቷል። ብረት አያስፈልገውም፣ መዳብ አያስፈልገውም፣ ኮምፓስ የሚያዞረው የምድር ማግኔትም የለበትም። ስሙ የወጣለት ቀመሮቹ ስለሚመሳሰሉ ነው።

መመሳሰሉ ግን እንዲሁ የሚናቅ አይደለም። አንተ ደግሞ ጥቅል የምታውቅ ሰው ስለሆንክ ከብዙ ተማሪዬ ቶሎ ይገባሃል። ቻርጅ ዝም ብሎ ሲቀመጥ የኤሌክትሪክ መስክ ብቻ ነው ያለው። ኮረንቲ ሲሆን፣ ማለትም ቻርጁ መፍሰስ ሲጀምር፣ ሌላ ተጨማሪ ነገር ይመጣል፤ ያንን ነው ማግኔት የምንለው። ስበትም እንደዚያው ነው። ዝም ብሎ የተቀመጠ ነገር ኒውተን የነገረንን ስበት ይፈጥራል። ሲንቀሳቀስ ወይም በራሱ ዛቢያ ሲሽከረከር ግን ኒውተን ሒሳብ ውስጥ የሌለ ቁራጭ ይጨመርበታል። ግራቪቶማግኔቲዝም ያ ቁራጭ ነው። ምድርን እንደ አንድ ትልቅ ጥቅል አስባት፤ የሚፈስባት ኤሌክትሮን ሳይሆን ራሱ ድንጋዩና ብረቱ ነው፣ በ24 ሰዓት አንዴ ይዞራል።

ሐሳቡ አንስታይንን ይቀድማል። እንግሊዛዊው ኦሊቨር ሄቪሳይድ በ1893 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ስበትን ከኤሌክትሪክና ማግኔት ጋር አነጻጽሮ ጽፎ ነበር። ያኔ ግምት ነበር። አንስታይን የስበት ንድፈ ሐሳቡን፣ አጠቃላይ አንጻራዊነትን፣ በ1915 ከጨረሰ በኋላ ዮዜፍ ሌንሰና ሃንስ ቲሪንግ በ1918 ከቀመሩ ተነስተው የሚሽከረከር አካል በዙሪያው ያለውን ምህዋር ቀስ እያለ እንደሚያዞር በሒሳብ አሳዩ። እስከ ዛሬ ሌንሰ-ቲሪንግ ውጤት ይባላል።

አሁን መመሳሰሉ የሚያልቅበትን ልንገርህ፣ ቪዲዮዎቹ የሚዘሉት ይሄንን ነው። አንደኛ፣ ምልክቱ ተገልብጧል። ኮረንቲ በአንድ አቅጣጫ የሚያልፍባቸው ሁለት ሽቦዎች በማግኔታቸው ይሳሳባሉ፤ በአንድ አቅጣጫ የሚሄዱ ሁለት የቁስ ጅረቶች ግን በግራቪቶማግኔቲክ ቁራጩ በኩል ይገፋፋሉ፣ ዋናው ስበት ስለሚበልጥ በድምሩ መሳሳባቸው አይቀርም እንጂ። ቀመሮቹ ውስጥም 2 እና 4 እየገቡ ቁጥሩን ይለውጡታል፤ እሱን እንለፈው። ትልቁ ልዩነት ለአንተ ሙያ የሚቀርበው ነው። ትራንስፎርመር ስትሠራ ብረቱን መሃል ታስገባለህ፣ ማግኔቱ በብዙ እጥፍ ይጨምራል። የስበት ላሜራ የለም። መሃል አስገብተህ ግራቪቶማግኔቲዝምን የምታጎላበት አንድም ቁስ አይታወቅም። እንደ ቻርጅ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ኖሮትም የሚጠፋፋ ወይም የሚጋረድ ነገር የለም። ስለዚህ «ዙሩን ጨምር፣ ጥቅሉን ጨምር» የሚለው የዲናሞ ዘዴ እዚህ ቤት አይሠራም።

ወደ ፍሬም ድራጊንግ እንምጣ። ስሙ ሲተረጎም «ማዕቀፍ መጎተት» ይሆናል፤ ሰው ግን «ስፔስ መጎተት» አድርጎ ይሰማዋል፣ ከዚያ ስፔስን እንደ ጨርቅ ወይም እንደ ሐዋሳ ሐይቅ ውሃ ያስበዋል። የሚጎተት ጨርቅ የለም። ማዕቀፍ ማለት እዚህ ጋ «አልዞርኩም» ለማለት የምትመካበት ነገር ነው። አንድ ጋይሮስኮፕ ውሰድ፣ ማለትም በዛቢያው ላይ በፍጥነት የሚሽከረከር መንኮራኩር ወይም ኳስ፤ በደንብ የተሠራ፣ ማንም የማይነካው። ዛቢያው የሚያመለክትበትን አቅጣጫ አይለቅም፣ ስለዚህ «ይሄ የማይዞር አቅጣጫ ነው» ይልሃል። ሩቅ ያለ ኮከብም እንደዚሁ ይልሃል። ከማንኛውም የሚሽከረከር ግዙፍ አካል ብትርቅ ሁለቱ ይስማማሉ። ምድር አጠገብ ግን አይስማሙም። ጋይሮስኮፑ ምንም ሳይነካው ከኮከቡ እየሸሸ ይሄዳል። ፍሬም ድራጊንግ ማለት ይሄ አለመስማማት ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

የማር ምሳሌ ሰምተህ ከሆነ እኔም እጠቀምበታለሁ፣ ግን በጥንቃቄ። አንድ ጎድጓዳ ሳህን ማር ውስጥ ብርቱካን አድርገህ በቦታዋ አሽከርክራት። አናቷ ጋ ስቴኪኒ ብታስቀምጥ ብርቱካኗ በምትዞርበት አቅጣጫ አብሮ ይዞራል። አሁን ስቴኪኒውን ወገቧ ጋ አምጣው፣ አንዱ ጫፍ ወደ ብርቱካኗ፣ ሌላው ወደ ውጭ። የቀረበው ጫፍ ከራቀው በላይ ስለሚወሰድ ስቴኪኒው በተቃራኒው ይዞራል። ማሩ የሚያሳየው ይህን ቅርጽ ነው፣ ቅርጹም ትክክል ነው፦ ዋልታ ላይ ወደ ምድር አዟዟር፣ ወገብ ላይ በተቃራኒው። የሚዋሸው ደግሞ እዚህ ላይ ነው፦ ማሩ ብርቱካኗን ያዘገያል፣ ስቴኪኒውንም ይዞት ይሄዳል። ስፔስ ምድርን እንደ ማር አያዘገይም፣ ሳተላይትንም አይዝም። ቅርጹን ውሰድ፣ መጣበቁን ተወው።

ይሄ ለእኛ ሰፈር አስቂኝ ነገር ያመጣል። ሐዋሳ ከምድር ወገብ 7 ዲግሪ ገደማ ነው፣ እኔ ያለሁበት አዳማ 8 ዲግሪ ተኩል። ሁለታችንም ወገቡ ጋ ነን። እና ዛቢያው ከምድር ዘንግ ጋር የ90 ዲግሪ ማዕዘን የሚሠራ ጋይሮስኮፕ ሱቅህ ውስጥ ብታስቀምጥ (ዛቢያውን ሜዳው ላይ አጋድመህ፣ ጫፉን ወደ ምሥራቅ ብታደርገው ለምሳሌ) የፍሬም ድራጊንግ ድርሻው ምድር ከምትዞርበት በተቃራኒ ነው የሚወስደው፣ በዓመት 100 ሚሊ አርክ ሰከንድ ገደማ። ዋልታ ላይ እጥፉን ያህል፣ በምድር አዟዟር አቅጣጫ። «ምድር ስፔስን ይዛ ትዞራለች» የሚለው አባባል ሐዋሳ ላይ እንዲህ ይገለበጣል። ሚሊ አርክ ሰከንድ ማለት አንዱን ዲግሪ 3,600 ቦታ ከፍለህ፣ ከዚያ አንዷን ቁራጭ ደግሞ 1,000 ቦታ ስትከፍላት ነው። ምድር ራሷ በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር ይሄንን መሬት ላይ ሆኖ ለይቶ ማየት እጅግ ከባድ ነው፤ ጣሊያን ውስጥ ከመሬት በታች በሌዘር ለመለካት የሚሞክሩ አሉ።

እንግዲህ አንድ ናቸው ወይስ ሁለት? አጭሩ መልስ፦ ፍሬም ድራጊንግ የሚሆነው ነገር ነው፣ ግራቪቶማግኔቲዝም ያንን ነገር የምናሰላበት ቋንቋ ነው። ምድር አካባቢ፣ ስበቱ ደካማ፣ ፍጥነቱ ከብርሃን በጣም ያነሰ በሆነበት፣ የአንስታይን ቀመር ተቃሎ የማክስዌልን የኤሌክትሪክና የማግኔት ቀመር ይመስላል። ያኔ «የምድር ሽክርክሪት ግራቪቶማግኔቲክ መስክ ይፈጥራል፣ መስኩ ጋይሮስኮፑን ያዞረዋል» ማለት ትችላለህ፣ ልክ ማግኔት የኮምፓስ ቀስትን ለማዞር እንደሚገፋው። እዚህ ክልል ውስጥ ሁለቱን ቃል አቀያይረህ ብትጠቀም ማንም አይቆጣህም።

ከክልሉ ስትወጣ ግን ይለያያሉ፣ በሁለቱም በኩል። በአንድ በኩል፣ ግራቪቶማግኔቲዝም ሽክርክሪት ብቻ አይደለም፤ ቀጥ ብሎ የሚሄድ አካልም አለው። ምድር በፀሐይ ዙሪያ ስትሮጥ ከፀሐይ አንጻር ስታየው ግራቪቶማግኔቲክ ቁራጭ አለ፣ ከምድር ጋር አብረህ ብትሄድ ግን ከሒሳቡ ይጠፋል። ኤሌክትሪክ ላይም እኮ እንደዚያው ነው፤ ከአንድ ቻርጅ ጎን ለጎን እኩል ብትሮጥ ማግኔቱን አታየውም። የጨረቃን ርቀት በሌዘር ለክተው «ግራቪቶማግኔቲዝምን አየነው» ያሉ ሰዎች ላይ ክርክር የተነሳው በዚህ ነው፦ ያያችሁት የተመልካቹን ምርጫ ነው ወይስ እውነተኛውን ነገር? ሽክርክሪት የሚፈጥረው ግን የትም ቆመህ ብታየው አይጠፋም። ለእኔ ፍሬም ድራጊንግ የሚለውን ስም ለዚህኛው፣ ለማይጠፋው፣ ማስቀመጡ ነው የሚሻለው።

በሌላ በኩል ደግሞ ብላክ ሆል አጠገብ ሂድ። ሮይ ኬር በ1963 ያገኘው መፍትሔ የሚሽከረከር ብላክ ሆልን ይገልጻል። እዚያ ኤርጎስፌር የሚባል አካባቢ አለ፤ የፈለገውን ያህል ሞተር ብታስነሳ ቆመህ መቅረት የማትችልበት፣ የግድ አብረህ የምትዞርበት። ይሄ የፍሬም ድራጊንግ ጥጉ ነው። ግራቪቶማግኔቲዝም ግን እዚህ አያገለግልም፣ ምክንያቱም ስበቱ ደካማ ነው ብለን የጀመርነው ሒሳብ ነው። ክስተቱ አለ፣ ቋንቋው አልቋል።

ሦስተኛ ዘመድም አለ፣ ከፍሬም ድራጊንግ ጋር ሁሌ ይምታታል። ጂኦዴቲክ ውጤት ይባላል፤ ዊለም ደ ሲተር በ1916 ነው ያወጣው። እሱ ምድር ባትሽከረከርም አለ፣ ምክንያቱም ጋይሮስኮፑ በምድር ስበት በጎበጠ ስፔስታይም (ቦታና ጊዜ አንድ ላይ) ውስጥ ስለሚዞር ነው የሚመጣው። መጠኑም በጣም ይበልጣል። አንድ ቦታ «ፍሬም ድራጊንግ በዓመት 6,600 ሚሊ አርክ ሰከንድ ነው» የሚል ካነበብክ ጸሐፊው ሁለቱን ደባልቋል።

ቁጥሩን ከየት አመጣኸው ካልከኝ፣ ግራቪቲ ፕሮብ ቢ ከምትባለው ሳተላይት። ሚያዝያ 2004 ላይ ወጣች፤ ከምድር 642 ኪሎሜትር ከፍታ ላይ በዋልታዎች በኩል እየዞረች አራት የኳርትዝ ኳሶችን አሽከረከረች። ኳሶቹ የፒንግፖንግ ኳስ ያህላሉ፣ 38 ሚሊሜትር፣ ኒዮቢየም የሚባል ብረት ተለብጠው በፈሳሽ ሂሊየም የቀዘቀዙ። ኩሽኔታ የለም፣ ዘይት የለም፣ ኳሱ ምንም ሳይነካ ነው የሚዞረው። የጂኦዴቲኩ ግምት በዓመት 6,606 ሚሊ አርክ ሰከንድ ነበር፣ የተለካው 6,602 ገደማ። የፍሬም ድራጊንጉ ግምት 39.2 (ሐዋሳ ላይ ካልኩህ 100 ያነሰው ሳተላይቷ ከፍ ስላለችና ዋልታና ወገብን እያፈራረቀች ስለምታልፍ፣ ተቃራኒዎቹ በከፊል ስለሚጠፋፉ ነው)፣ የተለካው 37.2፣ ስህተቱ ወደላይም ወደታችም 7.2። ውጤቱ የወጣው በ2011 ነው። ለምን ያን ያህል ቆየ? ለአንተ ቅርብ በሆነ ምክንያት፦ ኳሶቹና መያዣቸው ላይ ያልተጠበቀ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ተጣብቆ ነበር፣ እሱ ኳሶቹን ስለሚነካካቸው ያንን ከመረጃው ለይቶ ማውጣት ዓመታት ፈጀ። እዚያ ደረጃ የደረሰ ሥራ በስታቲክ ኤሌክትሪክ ከተቸገረ፣ ሱቅ ውስጥ በሚዛንና በገመድ የምናየው ነገር ምን እንደሚሆን አስበው።

39 ሚሊ አርክ ሰከንድ ማለት 400 ሜትር ርቀት ላይ የተያዘች አንዲት ፀጉር የምትታይህ ውፍረት ነው። በዚህ ፍጥነት ጋይሮስኮፑ አንድ ሙሉ ዙር ለመዞር 33 ሚሊዮን ዓመት ይፈልጋል።

ሌላው መንገድ ምህዋርን ማየት ነው። በ1976 የወጣችው ላጄኦስ 60 ሴንቲሜትር የሆነች፣ 426 መስታወት የተሰካባት ከባድ ኳስ ናት፤ ሞተር የላትም፣ ሬዲዮ የላትም፣ ከምድር ሌዘር እየተላከባት ርቀቷ ይለካል። ፍሬም ድራጊንግ የምህዋሯን ሜዳ (ምህዋሯ የተዘረጋበትን ጠፍጣፋ ገጽ) በዓመት 31 ሚሊ አርክ ሰከንድ ያዞረዋል፤ እሷ ባለችበት ርቀት ወደ 2 ሜትር ይሆናል። ችግሩ ምድር ድቡልቡል ኳስ አለመሆኗ ነው። ወገቧ ላይ ወፈር ስለምትል ያው ምህዋር በዓመት 126 ዲግሪ ገደማ ይዞራል፣ ከምንፈልገው ከ14 ሚሊዮን እጥፍ በላይ። በ1992 ሁለተኛ ላጄኦስ ተላከች፤ የሁለቱን መረጃ አቀናጅተው በ2004 በ10 በመቶ ስህተት ለካነው አሉ፣ ሌሎች ደግሞ ስህተቱ ከዚያ ይበልጣል ብለው ተከራከሩ። በ2022 የተላከችው ላሬስ 2 የምወዳት ናት። የላጄኦስ ምህዋር 109.84 ዲግሪ ያዘነብላል፣ የእሷ 70.16፤ ድምሩ 180። በዚህ አደራደር የምድር ውፍረት አንዷን ወደ ግራ፣ ሌላዋን ወደ ቀኝ በእኩል ይወስዳል፣ ስትደምራቸው ይጠፋፋል፣ ፍሬም ድራጊንግ ግን ሁለቱንም ወደ አንድ ወገን ስለሚወስድ ይቀራል። ይሄን ያሰበ ሰው አንጀቴን ነው ያራሰው።

እግረ መንገዴን፦ ስልክህ ላይ ያለው ጂፒኤስ የአንስታይንን እርማት ይፈልጋል የሚባለው እውነት ነው፣ በቀን 38 ማይክሮ ሰከንድ። ያ ግን የሰዓት ፍጥነት ልዩነት ነው፣ ከፍሬም ድራጊንግ ጋር አታገናኘው። አየሩ ከምድር ጋር የሚዞረውም በፍሬም ድራጊንግ አይደለም፣ በተራ ሰበቃ ነው።

አሁን ቮላኖህ። ቁጭ ብዬ ሠራሁልህ። 100 ኪሎ፣ ስፋቱ አንድ ሜትር፣ ለማቅለል እንደ ድፍን ዲስክ ወስጄው፣ በ3,000 ዙር። ከመሃሉ አንድ ሜትር ከፍ ብሎ ዛቢያው ላይ ያለ ጋይሮስኮፕን በሰከንድ የሚያዞረው መጠን ዜሮ ነጥብ ብለህ 23 ዜሮ ከደረደርክ በኋላ የሚመጣ 5 ሬዲያን ገደማ ነው (አንድ ሬዲያን 57 ዲግሪ ገደማ ነው)። ዩኒቨርስ ከተጀመረ ጀምሮ፣ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ሙሉ መብራት ሳይጠፋ ቢሽከረከር ጋይሮስኮፑን የሚያዞረው ግማሽ አርክ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። የሰቀልከው ዕቃ ደግሞ ቆሞ ካለ ጭራሹኑ አይነካውም። ማግኔት የቆመ ቻርጅን እንደማይገፋ ሁሉ፣ ይሄም የሚንቀሳቀስ ወይም የሚሽከረከር ነገር ነው የሚፈልገው።

መቅለል? ተገላቢጦሽ ነው። ቮላኖው ያጠራቀመው ጉልበት ወደ 616 ኪሎ ጁል ይሆናል፤ ጉልበት ደግሞ ራሱ ይመዝናል፣ ስለዚህ ቮላኖህ የአንድ ግራም 7 ቢሊዮንኛ ያህል *ይከብዳል*። ጃፓን ውስጥ በ1989 ጋይሮስኮፕ ሲሽከረከር ክብደቱ ቀነሰ ብለው ያሳተሙ ተመራማሪዎች ነበሩ። ወዲያው በ1990 ሌሎች በጥንቃቄ ደገሙት፣ ምንም አላገኙም። ሚዛንህ ቁጥር ቢቀይር ንፋሱን፣ ንዝረቱንና የሞተርህን ማግኔት ጠርጥር።

የሚያሳስበኝ ይሄ 616 ኪሎ ጁል ነው። 1,200 ኪሎ የምትመዝን መኪና በሰዓት 115 ኪሎሜትር ስትበር ያላት ጉልበት ማለት ነው፣ ሱቅህ መሃል፣ በአንድ ብረት ላይ። የአሮጌ ወፍጮ ቮላኖ የተሠራው ለጥቂት መቶ ዙር ነው። ጭንቀቱ በዙሩ ስኩዌር ነው የሚያድገው፦ ከ600 ወደ 3,000 ስታወጣው ብረቱን የሚገነጥለው ኃይል 25 እጥፍ ይሆናል። ጠርዙ በሰከንድ 157 ሜትር ይሮጣል። ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ደግሞ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚሰነጠቅ፣ ውስጡ ያለውን የቆየ ስንጥቅ በዓይን አታየውም። አዳማ አንድ ጋራዥ ውስጥ ስለት ሲሳልበት የነበረ የሚሽከረከር ድንጋይ ሲፈነዳ ቆሜ አይቻለሁ፤ ከጭብጥ ያነሰ ቁራጭ ቆርቆሮውን በስቶ ወጣ። ያ ድንጋይ ሁለት ኪሎ አይሞላም ነበር።

ማየት ከፈለግህ ሁለት አማራጭ አለህ፣ ሁለቱም ወሰን አላቸው። አንደኛ፣ የብስክሌት ጎማ በሁለት እጅህ ይዘህ አሽከርክረህ በሚዞር ወንበር ላይ ተቀመጥ፤ ጎማውን ስታጋድለው ወንበሩ ይዞራል። ጋይሮስኮፕ አቅጣጫውን እንዴት እንደሚይዝ ይገባሃል፣ ግን ያየኸው የኒውተን ፊዚክስ ነው፣ ግራቪቶማግኔቲዝም ነው ብለህ ለማንም እንዳትነግር። ሁለተኛ፣ የማሩና የስቴኪኒው ሙከራ፤ የመስኩን ቅርጽ ያሳይሃል፣ መስኩን ራሱን ግን አይደለም። በቤት ውስጥ ከዚህ በላይ የለም። ፊዚክሱ ከበደኝ ሳይሆን ቁጥሩ አይፈቅድም።

ስለዚህ ምክሬ፦ ቮላኖውን ከ3,000 ዙር ጋር እንዳታገናኘው፣ በ1,000ም ቢሆን አልልህም። ለወፍጮ ቤት ሽጠው፣ ወይ በኪሎ ለብረት ገዢ ስጠው። «ግራቪቶማግኔቲክ ጄኔሬተር» ብሎ ንድፍ ሊሸጥልህ የሚመጣ ሰው ካለ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቀው፦ አንድ ሜትር ላይ በሰከንድ ስንት ሬዲያን? ቁጥር ከነገረህ ላክልኝ፣ እኔ አየዋለሁ። ካልነገረህ ገንዘብህን ለመዳብ ሽቦ አውለው።